ማረሻ ላወጣው ቅርስ ደረሰኝ ይሰጥ

ለክቡር አዘጋጅ፣

ትውልዴ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ነው፤ የምኖረው ግን እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ሲሆን ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ በስልኬ አነባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ተዝካር አገር ቤት በገባሁበት ጊዜ በአባቴ ማሳ ዳር ያየሁት ነገር ነው። ከገብሱ ማሳ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ዙሪያውን የሸክላ ስብርባሪና የሰው አጥንት ተበትኖ አገኘሁ። የቆፈሩት ከከተማ በተከራዩት ሜታል ዲቴክተር (ከመሬት ሥር ብረታ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ)፣ በሕዝቡ አጠራር «የወርቅ ማሽን»፣ እየተመሩ የመጡ ወጣቶች እንደነበሩ ጎረቤቶቻችን ነገሩኝ። ወርቅ አላገኙም። ያገኙት አንድ የዛገ የጦር ጫፍና አንድ የመዳብ አምባር ነበር፤ አምባሩን ለአላፊ ነጋዴ ሸጠው ጦሩን እዚያው ጥለውት ሄደዋል።

እንዲህ ያሉ ጉብታዎች በመንዝና በአካባቢው ብዙ ናቸው። ልጅ ሳለን ከብት እየጠበቅን የምንወጣባቸው የጨዋታ ቦታዎቻችን ነበሩ፤ ሽማግሌዎቻችንም የጥንት ሰዎች መቃብር ነው ከማለት ያለፈ የሚነግሩን አልነበረም። ከጊዜ በኋላ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ጥቂቶቹን በሥርዓት ቆፍረው ሲያጠኑ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ደጋ ይኖር የነበረ፣ ሙታኑን ከሸክላ ዕቃው፣ ከብረት መሣሪያውና ከዶቃው ጋር የሚቀብር ሕዝብ መካነ መቃብር መሆኑን አረጋገጡ። በአካባቢው በሚገኘው የሻይ ወንዝ ስምም «የሻይ ባህል» ብለው ሰየሙት። ይህ ሕዝብ በራሱ እጅ የጻፈው አንድም መስመር አልደረሰንም። ማን እንደነበረ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ከማን ጋር እንደሚነግድ የሚነግረን መቃብሩ ብቻ ነው፤ በመቃብሩ ውስጥም አብዛኛውን የሚናገሩት ዶቃው፣ ሸክላውና የአጥንቱ አቀማመጥ ናቸው። ሜታል ዲቴክተር ደግሞ የሚሰማው ብረታ ብረትን ብቻ ነው። ዶቃ አይጮህለትም፣ ሸክላ አይጮህለትም፣ አጥንትም አይጮህለትም። ስለዚህ ማሽኑን ተከትሎ የሚቆፍር ሰው ወደ አንዲት ቁራጭ መዳብ ለመድረስ ሲል ከመዳቡ እጅግ የሚበልጠውን ነገር በአካፋ እየበተነ ያልፋል።

ወጣቶቹን ለመውቀስ ብቻ ብነሣ ግን ራሴን አታልላለሁ፤ ምክንያቱም በዚሁ ማሳ ላይ ከብዙ ዓመታት በፊት የሆነውን አውቃለሁ። የ5ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ በሰኔ ወር ሲያርስ ማረሻው ከጉብታው ግርጌ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነክሶ ቆመ። ድንጋዩን ፈንቅሎ ሲያነሣው ከሥሩ አንገቷ የተሰበረ ጥቁር ማሰሮ፣ ሁለት ቀይ ዶቃዎችና አረንጓዴ ዝገት የበላው ቀለበት ወጣ። አባቴ ቀለበቱን በምራቁ አርሶ በባናው ጫፍ ሲጠርገው፣ ከዝገቱ ሥር እንደ ጥልፍ የተጫሩ ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ ያየሁት እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ። እሱ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ያለፈ ትምህርት የለውም። ሆኖም «ይህ የአገር ንብረት ነው» ብሎ በማግሥቱ ዕቃዎቹን በጨርቅ ቋጥሮ፣ በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ የ4 ሰዓት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ወደ ወረዳው ከተማ ወሰዳቸው።

በዚያ ያገኘው ሠራተኛ ዕቃዎቹን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተ፤ መረከቢያ ወረቀት ግን አልሰጠውም። ይልቁንም በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን ሰው «ሌላውን የት ደበቅኸው?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እየተጠራ ቃሉን ሰጠ፤ የዘር ጊዜውም በመመላለስ ባከነ። ዕቃዎቹ የት እንደደረሱ የነገረን ሰው እስከ ዛሬ የለም። በመንደራችን ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተዳረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ማረሻው አንዳች ነገር ያወጣለት ገበሬ ሁሉ ዕቃውን ወደ ድንጋይ ካቡ ውስጥ መወርወር ወይም ድምፁን አጥፍቶ መሸጥ ጀመረ። እነዚያ ወጣቶች ያደጉት ይህን እየሰሙ ነው።

እንግሊዝ አገር ከገባሁ በኋላ በምሠራበት መጋዘን የተዋወቅሁት አንድ ባልደረባዬ የዕረፍት ቀኑን በገበሬዎች ማሳ ላይ በዲቴክተር ቅርስ ሲፈልግ የሚያሳልፍ ሰው ነበር። ይህ በዚያ አገር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያዘወትሩት የመዝናኛ ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜ ስንዴው ታጭዶ አገዳው ብቻ ወደ ቀረበት ማሳ ይዞኝ ሄደ። መሣሪያውን ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በዝግታ ሲራመድ ቀጭን፣ አጭር ድምፅ ሰጠው። በትንሽ አካፋ አፈሩን በክብ ቆርጦ እንደ እንጀራ ገለበጠውና ከጓሉ ውስጥ እንደ ቅጠል የሳሳ የብር ሳንቲም አወጣ፤ በአንዱ ፊት ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው ፊት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስቀል አለበት። የቀዳማዊ ኤድዋርድ ዘመን ገንዘብ ነው አለኝ፤ ከተቀረጸ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ቦታውን በስልኩ ጂፒኤስ ለካ፣ ሳንቲሙን በትንሽ ፌስታል ከትቶ የቦታውን ቁጥር በላዩ ጻፈ፣ ጉድጓዱን ደፍኖ በእግሩ ረገጠው። በኪሱም ከባለ ማሳው ገበሬ ጋር የተፈራረመው፣ የሚገኘውን ሁሉ እኩል ለመካፈል የተስማሙበት ወረቀት ነበር።

ነጠላ ሳንቲም በአገሩ ሕግ ለመንግሥት መነገር ያለበት የተቀበረ ሀብት ስለማይባል፣ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ሆኖም ወደ ሙዚየም ወስዶ የገበሬ ማሳ ግኝቶችን ለሚመዘግበው ባለሙያ አሳየው። ባለሙያው ሳንቲሙን ተቀብሎ ፊርማ ያለበት መረከቢያ ሰጠው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሳንቲሙ ከነክብደቱ፣ ከነፎቶግራፉና ከነተገኘበት ቦታ በሕዝብ መዝገብ ገብቶ ተመለሰለት። ይህ የምዝገባ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀምሮ እስካሁን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን መዝግቧል። አብዛኞቹን በራሳቸው ፈቃድ ይዘው የመጡት እንደ ባልደረባዬ ያሉ ተራ ሰዎች ናቸው።

ትልቅ ነገር ሲገኝ ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አግኚው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ሙዚየም ዕቃውን ከፈለገው ገለልተኛ ኮሚቴ ዋጋውን ይተምናል፣ ገንዘቡም እንደ ልማዱ ለአግኚውና ለባለ መሬቱ ይከፈላል። እዚሁ በርሚንግሃም ሙዚየም ውስጥ ልጄን ይዤ ብዙ ጊዜ ያየሁት በቀይ ዕንቁ ፈርጥ የተሽቆጠቆጠ የሰይፍ ወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ በስታፎርድሺየር አውራጃ ከአንድ የታረሰ ማሳ በዲቴክተር የተገኘ ነው። የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሀብት ሲሆን 3 ሚሊዮን 285 ሺህ ፓውንድ ተተምኖ ለአግኚውና ለገበሬው ተከፍሏል። ነገር ግን ሀብቱ በማረሻ ተገለባብጦ ላይኛው አፈር ውስጥ ተበታትኖ ስለተገኘ፣ በምን ዕቃ ውስጥ እንደተቀበረ እንኳን ለማወቅ አልተቻለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የሆክሰን መንደር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 በሰፎክ አውራጃ የሚኖር አንድ ገበሬ መዶሻው ማሳው ላይ ጠፋበትና ዲቴክተር ያለውን ወዳጁን ፈልግልኝ አለው። ወዳጁ መዶሻውን ሲፈልግ የብር ማንኪያዎችና የወርቅ ሳንቲሞች አገኘ። የዚህ ሰው ትልቅነት የታየው መቆፈሩን ሲያቆም ነው። አካፋውን አስቀምጦ ለባለ ሥልጣናት አሳወቀ፤ አርኪዮሎጂስቶችም በማግሥቱ መጥተው የቀረውን በነበረበት ሁኔታ በጥንቃቄ አወጡት። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የሮም ዘመን ሳንቲሞች፣ የወርቅ ጌጣጌጦችና የብር ዕቃዎች ተገኙ። ዕቃዎቹ እንደተደረደሩ ስለተገኙ፣ እንጨቱ ከበሰበሰ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፈው ሳጥን ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 45፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደነበር ለማወቅ ተችሏል። በውስጡ የነበሩት የትንንሽ ሣጥኖች የብር ቁልፎች እንኳን ተለቅመዋል። አንድ ቤተሰብ የሮም ሥርዓት በዚያ ደሴት ሲፈርስ ሀብቱን እንዴት አድርጎ ሸክፎ እንደቀበረ የምናውቀው ያ ሰው ቁፋሮውን ስላቆመ ነው። የጠፋው መዶሻም ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ሁሉም እንደዚህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በሄሬፎርድሺየር አንድ ማሳ ውስጥ ቫይኪንግ የተባሉ የሰሜን ባሕር ወራሪዎች እንግሊዝን ይወጉ በነበረበት ዘመን የተቀበረ ሀብት ያገኙ ሁለት ሰዎች ለባለ ሥልጣን ሳያሳውቁ በድብቅ ሸጡት፤ ከ4 ዓመት በኋላም ተፈርዶባቸው እስር ቤት ገቡ። በሀብቱ ውስጥ 300 ያህል ሳንቲሞች እንደነበሩ ሲገመት እስከ ፍርዱ ድረስ የተገኙት ግን 31 ብቻ ነበሩ። ከተገኙት መካከል ንጉሥ አልፍሬድና ቼልዉልፍ የተባለው የጎረቤት ንጉሥ የተባበሩበትን ዘመን የሚያሳዩ ሳንቲሞች ነበሩ፤ ኋላ የተጻፈው ዜና መዋዕል ግን ቼልዉልፍን ለወራሪዎች ያደረ ደካማ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። በሳንቲም ላይ ያለ ምስል የጸሐፊን ቃል ሊያርም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የጠፉት ሳንቲሞች ምን ያርሙ እንደነበር ግን ከእንግዲህ የሚነግረን አይኖርም።

ይህን ሁሉ የምተርከው የእንግሊዞች መዝናኛ ወደ አገራችን ይግባ ለማለት አይደለም። በዚያም አገር ቢሆን ልማዱን የሚቃወሙ ባለሙያዎች አሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ የሁለቱ አገር እርሻ ልዩነት አለው። የእንግሊዝ ማሳ በትራክተር በጥልቀት እየተገለበጠ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ስለታረሰ፣ በላይኛው አፈር ውስጥ ያለ ዕቃ ከነበረበት ቦታ አስቀድሞ ተነቃንቋል፤ በየዓመቱም በማረሻ ብረትና በማዳበሪያ እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚያ አፈር ውስጥ በጥንቃቄ ማውጣትና መመዝገብ ማዳን ሊባል ይችላል። የእኛ ማረሻ ግን መሬቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ከአንድ ስንዝር በታችም እምብዛም አይወርድም። ከዚያ ስንዝር በታች ያለው መቃብር፣ ግድግዳ፣ የእህል ጉድጓድ አያቶቻችን በሬ ጠምደው ሲያርሱበት ኖረውም በአብዛኛው እንደተቀመጠ ነው። በሬና ሞፈር ሳያውቁት ጠብቀው ያቆዩልንን ንብርብር በዲቴክተርና በዶማ አንድ ከሰዓት በኋላ ማፍረስ ይቻላል። በዚህ ምክንያት መሣሪያው በእኛ ማሳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእንግሊዝ ከሚያደርሰው የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእንግሊዞቹ ልንወስደው የሚገባው አግኚው በደስታ የሚገባበትን፣ ተከብሮም የሚወጣበትን በር ነው። የሚገርመው፣ በሩ በእኛም ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። በአንቀጽ 41 ደግሞ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ቅርስን ለሚጠብቀው የመንግሥት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል። ቀጥሎም ላስረከበው ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ግዴታውን ሲወጣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት ይደነግጋል። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ አግኚው ለክልሉ ሹም በጽሑፍ አስታውቆ ከኃላፊነቱ ሊወጣ እንደሚችልም ይናገራል። አባቴ እነዚያን ዕቃዎች ባስረከበ ጊዜ ይህ አዋጅ ገና አልወጣም ነበር። ዛሬ ግን አለ። ባለፈው ዓመት በመንደራችን ያነጋገርኋቸው ገበሬዎች፣ ካህናትና መምህራን ግን ሽልማት የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ በጋዜጣችሁ በኩል የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ገበሬው ያገኘውን ይዞ የ4 ሰዓት መንገድ ሊሄድ አይገባም፤ እንዲያውም ዕቃውን ከቦታው ባያነሣው ይመረጣል። በየቀበሌው ማሳውን በስሙ፣ ገበሬውን በአባቱ ስም የሚያውቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አለ። ይህ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ትምህርት ቢሰጠው፣ በስልኩ ዕቃውንና የተገኘበትን ቦታ ፎቶ አንሥቶ፣ ቀኑንና የአግኚውን ስም ጽፎ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊልክ ይችላል። ዋናው ነገር ባለ ካርቦን የደረሰኝ ጥራዝ ነው፤ አንዱ ቅጂ ለገበሬው፣ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ለወረዳው ይቀመጥ። ደረሰኝ የያዘ ሰው ንብረቱ የት እንዳለ የመጠየቅ መብት አለው፤ ደረሰኝ የሰጠ ሠራተኛም መሳቢያ ውስጥ ረስቶት ወይም ይዞት ሊሄድ አይችልም። ሽልማቱ ትንሽም ቢሆን በሰው ፊት፣ ለምሳሌ በቀበሌ ስብሰባ ወይም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢሰጥ፣ የአባቴን ታሪክ የሰማው መንደር ሌላ ታሪክ ይሰማ ነበር።

የገበሬው ዓይን ከየትኛውም ማሽን እንደሚበልጥ ለማየት ወደ አክሱም መሄድ ይበቃል። ንጉሥ ዔዛና በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደላት ድሉን ካስጻፈባቸው ድንጋዮች አንዱን ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ድንጋዩን የሚያነሣ ሰው የተረገመ ይሁን የሚል ቃል ተጽፎበታልና ከተገኘበት ስፍራ ሳይነሣ፣ በላዩ ትንሽ ቤት ተሠርቶለት እስከ ዛሬ አለ። በአንጻሩ ከዚያው አካባቢ ማሳ ከዝናብ በኋላ የሚለቀሙት የአክሱም ሳንቲሞች ለዘመናት አንድ በአንድ ለመንገደኛ ተሸጠዋል። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ገንዘባቸው ላይ ፊታቸውን በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ያስቀርጹ ነበር፤ ከነሐስ ገንዘባቸው አንዱም «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የግሪክ ጽሑፍ አለበት። ከማሳው ተለይቶ በውጭ አገር የጨረታ መስኮት ውስጥ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ሳንቲም የንጉሡን ስም ይነግረናል፤ ከገበያ ይሁን ከመቃብር፣ ከባለጸጋ ግቢ ይሁን ከድሃ ጎጆ የወጣ መሆኑን ግን አይነግረንም።

ስለ ማሽኑም አንድ ነገር ልጨምር። ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚመረትባቸው ቦታዎች ዲቴክተር የሕይወት መተዳደሪያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ሰው እንጀራውን ይነጠቅ አልልም። በቴሌግራም ገበያ ማንም ለማንም ሲሸጠውና ሲያከራየው ግን አይቻለሁ። ባለ መሣሪያው ተመዝግቦ፣ የሚሠራበት ወረዳ በፈቃዱ ላይ ቢጻፍ፣ ከወርቅ ቦታ ውጪ በመቃብርና በፍርስራሽ ላይ ሲገኝ የሚጠየቅበት መንገድ ይኖራል። ለራሱ ለቆፋሪውም ቢሆን ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ጦርነት ባለፈባቸው ማሳዎች ከመሬት ሥር የሚጮኸው ብረት ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑም ይህንን ከአምባር ለይቶ አይነግርም።

ክቡር አዘጋጅ፣ በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በግብርና ገጻችሁ ላይ የአዋጁን አንቀጽ 41 ሙሉ ቃል እንዳለ ብታትሙልን፣ እኔ በራሴ ወጪ አባዝቼ ለቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤቱና ለደብሩ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። የጉብታው ግማሽ ገና አልተነካም። አባቴ የተበተነውን አጥንት ሰብስቦ መልሶ አፈር አልብሶታል፤ የተሰበረውን ሸክላም ከቦታው ላለማራቅ ብሎ በጉድጓዱ አፍ በጆንያ ሸፍኖ፣ ድንጋይ ጭኖበት፣ መጥቶ የሚያይ ባለሙያ እየጠበቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የመንዙ ገበሬ ልጅ
ከበርሚንግሃም